ቅኔን እና ኤአይን አብሮ ለማጥናት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከጥያቄው እስከ ግራንቱ

ብዙ መምህራን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጡብኛል። «ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እና ስለ ሰው ልጅ ፈጠራ ማጥናት እፈልጋለሁ። ውጭ አገር አብሮኝ የሚሠራ ፕሮፌሰርም አለ። ገንዘቡን ከየት እናምጣ?» ይሉኛል። መልሱ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

በባዶ ሜዳ እንዳናወራ አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ። ምሳሌዬ ቅኔ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ኤአይ እና የቅኔ ፈጠራ ምን እንደሚያገናኛቸው ማጥናት ፈለገ እንበል። የእናንተ ጉዳይ ሥዕል፣ ዜማ ወይም የአዝማሪ ግጥም ሊሆን ይችላል። መንገዱ ያው ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የኢትዮጵያ አዋጆችን ብቻ በራሳቸው ቁጥር እጠራለሁ።

1ኛ ደረጃ፦ ጥያቄውን አብራችሁ ውለዱት

አብዛኛው ሰው ከገንዘቡ ይጀምራል። የምርምር ገንዘብ ጥሪ ይወጣል፣ ርዕሱ ይነበባል፣ ከዚያ ለርዕሱ የሚስማማ ጥያቄ ይፈለጋል። እንዲህ የተሠራ ፕሮፖዛል ገምጋሚ ፊት ሲቀርብ ወዲያው ያስታውቃል።

«ኤአይ ቅኔ መቀኘት ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለጋዜጣ ያምራል። ለምርምር ግን ደካማ ነው። ዛሬ «አይችልም» ብትሉ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሞዴል ይወጣና ጥናታችሁ ያረጃል። የሚበረክት ጥያቄ ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ ሰውየው የሚጠይቅ ነው።

አንድ መነሻ ልስጣችሁ። በ2024 አኒል ዶሺ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን እና ኦሊቨር ሃውዘር ከኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አጫጭር ልብ ወለድ ጻፉ። ከፊሎቹ ከኤአይ ሐሳብ እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። በኤአይ የታገዙት ታሪኮች በአንባቢዎች ዘንድ የተሻሉ ተባሉ። ይበልጥ የተጠቀሙት ደከም ያሉት ጸሐፊዎች ነበሩ። ነገር ግን ታሪኮቹ እርስ በርስ ተመሳሰሉ። እያንዳንዱ ሰው አተረፈ፣ በጋራ ግን የሐሳቡ ስፋት ጠበበ።

አሁን ይህን ወደ ጉባኤ ቤት፣ ማለትም ቅኔ ወደሚማሩበት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፣ እናምጣው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ የኔታ ፊት ይቀርባል። ይነግራል። የኔታ ይሰሙታል፣ ያርሙታል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነው። የትናንቱን ዛሬ መድገምም አያስከብርም። በሌላ አነጋገር አዲስነትን በየቀኑ ሲመዝን የኖረ ተቋም አለን። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ለአገር ቅርስነታቸው ብቻ የሚጠሩ ስሞች አይደሉም። ፈጠራ እንዴት እንደሚዳኝ የሚያውቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ ጀማሪ ተማሪ ኤአይ እያገዘው ሲቆጥር ሰምና ወርቁ ይሰፋል ወይስ ከጓደኞቹ ጋር ይመሳሰላል? የኔታስ ሳይነገራቸው ልዩነቱን ይለዩታል? ይህን ጥያቄ ለንደን ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻውን ሊጠይቀው አይችልም። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ማርቆስ የተቀመጠውም የኮምፒውተር ባለሙያ ከሌለው አይዘልቀውም። አብሮ መሥራት ግዴታ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ገምጋሚዎችም ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፦ አንዱ ካለ ሌላው ሊሠራው የማይችል ሥራ።

ለንድፈ ሐሳቡ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማርጋሬት ቦደን ፈጠራን በሦስት ትከፍለዋለች፦ የታወቁ ነገሮችን በአዲስ መልክ ማጣመር፣ በተሰጠ ሕግ ውስጥ አዲስ ቦታ መፈለግ፣ ሕጉን ራሱን መለወጥ። ቅኔ ለሁለተኛው ዓይነት ግሩም ማሳያ ነው። ቤቱ (ስንኙ) የታወቀ ነው፣ ልኩ የታወቀ ነው፣ በውስጡ የሚባለው ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ለሙከራ ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር የቅኔ ዓይነት ጀምሩ። 2 ቤት ብቻ ስለሆነ በአንድ ሳምንት ብዙ ናሙና ይሰበሰባል። 8 ቤት ያለውን መወድስ ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

መለኪያውንም ከአሁኑ አስቡት። ቴሬዛ አማቢሌ በ1982 ያቀረበችው የዳኝነት ዘዴ አለ። የዘርፉ አዋቂዎች ሳይመካከሩ ለየብቻ ይፈርዳሉ፣ ከዚያ ፍርዳቸው ምን ያህል እንደሚስማማ ይሰላል። የኔታ ከድሮ ጀምሮ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። ይህን አንድ አንቀጽ በደንብ ጻፉት። ፕሮፖዛላችሁን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ አጋር ምረጡ፣ አጋሩም ይምረጣችሁ

ሦስት ዓይነት ሰው ያስፈልጋል። የጥበቡ ባለቤት፣ የኮምፒውተር ቋንቋ ባለሙያ እና ፈጠራን መለካት የሚያውቅ የሥነ ልቦና ሰው። ሦስቱ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አይገኙም። ቢገኙም አይተዋወቁም።

ለግዕዝና ለአማርኛ ቅርብ ከሆኑት አንዱ የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል እዚያ ነው። ከ2014 እስከ 2019 ግዕዝን በኮምፒውተር ያጠና ትሬስስ የተባለ ፕሮጀክት በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ገንዘብ እዚያ ተሠርቷል። በ2016 የተጀመረው ቤታ መጻሕፍት ደግሞ እስከ 2040 ታቅዷል። እነዚህ ሰዎች ግዕዝ ምን እንደሆነ እንድታስረዷቸው አይፈልጉም። ኔፕልስ ላይ ሎሪየንታሌ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ያስተምራል። የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎችም እውነተኛ ምክንያት አላቸው። የቤተ እስራኤል ቄሶች ጸሎት በግዕዝ ነው፣ ከማኅበረሰቡም ብዙው አማርኛ ተናጋሪ ነው።

አገር ቤት ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እና አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አሉ። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም አለ። ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች መረጃ ሠርቷል። የኮምፒውተር ሰው ከጠፋችሁ እዚያ ፈልጉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በዚህ ሥራ ውስጥ እኛ ምን እንድንሠራ አስባችኋል?» መልሱን በጥሞና ስሙ። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለወራት ስንጻጻፍ ቆየን። ፕሮፖዛሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የኛ ድርሻ ተብሎ የተጻፈው «መረጃ ማሰባሰብ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ጥያቄው የኛ አልነበረም፣ ትንተናው የኛ አልነበረም፣ ገንዘቡም እንደዚያው። ያኔ ለማስተካከል ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ጥያቄውን ማን አመጣው፣ ማን የቱን ክፍል ይመራል፣ ጽሑፉ ላይ የማን ስም ይቀድማል፣ ገንዘቡ በግምት እንዴት ይከፈላል። አጋሩ በዚህ ገጽ ካልተስማማ ሌላ አጋር እፈልጋለሁ።

ስለ መግባቢያ ሰነድ አንድ ነገር ልበል። ኤም ኦ ዩ ካልተፈረመ ምንም አይጀመርም የሚሉ አሉ። ፊርማው በየቢሮው ሲዞር ዓመት ይሞላዋል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ የአውሮፓ ፕሮግራም ለማመልከት ኤም ኦ ዩ አይጠይቅም። ጎን ለጎን ይሂድ እንጂ አትጠብቁት።

3ኛ ደረጃ፦ በትንሹ ጀምሩ

ዩኒቨርሲቲያችሁ ቴማቲክ ሪሰርች እያለ የሚያወጣው ዓመታዊ ጥሪ ካለ በዚያ ሞክሩት። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ግን 20 ተማሪና ሦስት የኔታ ይዛችሁ አንድ ሙከራ ብትሠሩ ትልቁ ማመልከቻ ላይ «እናደርጋለን» ከማለት «አድርገን እንዲህ አገኘን» ወደ ማለት ትሸጋገራላችሁ። ሙከራው ችግርንም ያሳያል። ለምሳሌ ሞዴሎቹ ለግዕዝ ያላቸው ጽሑፍ ትንሽ ስለሆነ ሰዋስው ይስታሉ። ተማሪው የኤአዩን ስሕተት ሲያርም ጊዜው ካለቀ የምትለኩት ፈጠራን ሳይሆን እርማትን ነው። ይህን ከትልቁ ገንዘብ በፊት ማወቅ ይሻላል።

4ኛ ደረጃ፦ ትክክለኛውን ጥሪ ለዩ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ትልቁ ምንጭ ሆራይዘን ዩሮፕ ነው። ከ2021 እስከ 2027 የሚዘልቅ የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ሲሆን ሲጀመር በጀቱ ወደ 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። ጥሪዎቹ ክላስተር በሚባሉ የርዕስ ምድቦች ይከፈላሉ፤ ለኛ ጉዳይ የሚቀርበው ክላስተር 2 ነው። ስሙ ራሱ ባህልን፣ ፈጠራንና አካታች ማኅበረሰብን ይጠራል። ኤአይ ያለባቸው ጥሪዎች ክላስተር 4 ውስጥም ይወጣሉ።

ደንቡ ይህ ነው። ቢያንስ ሦስት አንዱ በሌላው ሥር ያልሆኑ ተቋማት ከሦስት የተለያዩ የኅብረቱ አባል ወይም ተጓዳኝ (አባል ሳይሆኑ በስምምነት ፕሮግራሙን የተቀላቀሉ) አገሮች መሆን አለባቸው። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ የኅብረቱ አባል አገር መሆን አለበት። እስራኤል ተጓዳኝ አገር ናት። ብሪታንያም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሆናለች። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ከሦስቱ አይቆጠርም። ነገር ግን አራተኛ ሆኖ ሲገባ ገንዘብ የማግኘት መብት አለው፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያ በቀጥታ ገንዘብ ከሚፈቀድላቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች አንዷ ናት። «እኛ ገንዘብ አይፈቀድልንም፣ እንግዳ ሆነን ነው የምንገባው» የሚሉ መምህራን አጋጥመውኛል። ትክክል አይደለም። ከጀርመን፣ ከጣሊያንና ከእስራኤል ሦስት ዩኒቨርሲቲ ይዛችሁ አራተኛ ብትሆኑ ደንቡ ይሞላል፣ ድርሻችሁም ሙሉ ነው።

ከዚህ ሌላ የሰው ልውውጥ የሚባለው የማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ ፕሮግራም አለ። ሠራተኞችን ከ1 እስከ 12 ወር ወደ አጋር ተቋም ለመላክ ይከፍላል። ለጀማሪ ቡድን ይህን እመክራለሁ። አንድ የሀምቡርግ ዶክተሬት ተማሪ ጎጃም ውስጥ ጉባኤ ቤት አጠገብ ሦስት ወር ቢቀመጥ፣ አንድ የባሕር ዳር መምህር ሀምቡርግ ላብራቶሪ ሦስት ወር ቢቀመጥ፣ ትልቁ ፕሮፖዛል ራሱን ይጽፋል። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ሲነርጂ ግራንት ደግሞ ከ2 እስከ 4 መሪ ተመራማሪዎችን ይዞ ለ6 ዓመት እስከ 10 ሚሊዮን ዩሮ ይሰጣል። ከመሪዎቹ አንዱ ከአውሮፓ ውጭ ሊሆን ይችላል። ውድድሩ ግን እጅግ ከባድ ነው፣ ለመጀመሪያ ሙከራ አይሆንም።

ኢራስመስ ፕላስ የሥርዓተ ትምህርትና የአቅም ግንባታ ገንዘብ ነው። ምርምር ልሠራበት ብላችሁ አትግቡ።

ከአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ውጭስ? ዲኤፍጂ የተባለው የጀርመን የምርምር ፋውንዴሽን አንድ የጀርመን ፕሮፌሰር በሚያስገባው ማመልከቻ ውስጥ የታዳጊ አገር አጋር ወጪ እንዲገባ ይፈቅዳል። የካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል አይዲአርሲ ከስዊድኑ የልማት ትብብር ድርጅት ሲዳ ጋር በ2020 የጀመረው ኤአይ ለልማት የተባለ የአፍሪካ ፕሮግራም አለ። የዚህ ጥቅሙ ገንዘቡ በቀጥታ ለአፍሪካ ተቋም መሰጠቱ ነው። መሪው እናንተ ትሆናላችሁ። ብሪታንያ ውስጥ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ብሬድ የተባለ ኃላፊነት የሚሰማው ኤአይን የሚያጠና ፕሮግራም ገንዘቡን ያገኘው ከሥነ ጥበብና ሰብአዊ ጥናት ምክር ቤት ነው። ይህን የምጠቅሰው ኤአይ የኮምፒውተር ክፍል ጉዳይ ብቻ ነው ለሚሉ ዲኖች ማሳያ እንዲሆን ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘቡን በዋናነት የሚሰጠው ለአሜሪካ ተቋማት ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው ኢትዮጵያዊ ፕሮፌሰር መሪ ሆኖ ያመለክታል፣ አገር ቤት ያለው በንዑስ ስምምነት ይገባል። ለሰብአዊ ጥናቶች የሚሰጠው የፌዴራል ተቋም በ2025 ኤፕሪል ቀድሞ የፈቀዳቸውን ብዙ ግራንቶች ሰርዟል። በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ።

5ኛ ደረጃ፦ ቁጥርና ምዝገባ

ይህ አጭር ነው፣ ግን ከረሳችሁት ያስቀራል። ለሆራይዘን እያንዳንዱ ተቋም ባለ 9 አሃዝ የተሳታፊ ቁጥር ያስፈልገዋል። ፒክ ይባላል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሳይኖረው አይቀርም፣ አዲስ ከማውጣታችሁ በፊት በመፈለጊያው ላይ ስሙን አስገቡና እዩ። ሁለት ቁጥር ያለው ተቋም በኋላ ብዙ ወረቀት ይጠየቃል። የአሜሪካ ንዑስ ስምምነት ከሆነ ደግሞ ባለ 12 ፊደልና አሃዝ መለያ ያስፈልጋል። ያንን ከወራት በፊት ጀምሩት።

በዚሁ ሳምንት የፋይናንስ ክፍሉን ኃላፊ ቡና ጋብዙ። የውጭ ገንዘብ በየትኛው ሂሳብ እንደሚገባ፣ ለፕሮጀክቱ የተለየ ሂሳብ ይከፈት እንደሆነ፣ ግዢ ስንት ፊርማ እንደሚጠይቅ ጠይቁ። እሳቸው ጉዳዩን ገንዘቡ ሲመጣ ከሚሰሙት ከእናንተ አፍ ቀድመው ቢሰሙት ነገሩ ሁሉ ይቀላል።

6ኛ ደረጃ፦ በጀት

ጥያቄው የጋራ መሆኑ የሚታወቀው በጀቱ ላይ ነው። ፕሮፖዛሉን ሳላነብ የበጀት ሰንጠረዡን ብቻ አይቼ ማን ባለቤት፣ ማን ተቀጣሪ እንደሆነ እናገራለሁ።

የሆራይዘን ስሌት ቀላል ነው። ቀጥተኛ ወጪያችሁን ትደምራላችሁ፣ በላዩ 25 በመቶ የተዘዋዋሪ ወጪ ይታከላል። ቀጥተኛው 160,000 ዩሮ ከሆነ 40,000 ዩሮ ይጨመርና 200,000 ይሆናል። ይህ 25 በመቶ መብራት፣ ቢሮ፣ የፋይናንስ ሠራተኛ ወዘተ ነው። ደረሰኝ አይጠየቅበትም። ከዩኒቨርሲቲው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ከዚህ ውስጥ ስንቱ ለክፍሉ፣ ስንቱ ለማዕከል ይሆናል?

ዋናው ወጥመድ ደመወዝ ነው። የሚከፈለው ትክክለኛው ደመወዝ ነው። የኢትዮጵያ መምህር ደመወዝ በዩሮ ሲሰላ በጣም ትንሽ ነው። የጀርመን ዶክተሬት ተማሪ ደመወዝ ከሱ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ሥራው እኩል ቢሆንም የኢትዮጵያው ድርሻ ወረቀት ላይ ጥቂት በመቶ ሆኖ ይታያል። የአውሮፓ ደመወዝ ለራሳችን እንጻፍ ማለት አይቻልም፣ ኦዲት አያልፍም። የሚቻለው ሥራውን ወደዚህ ማምጣት ነው። ሁለት የዶክተሬት ተማሪዎች ሙሉ ጊዜ እዚህ ይቀጠሩ። የመረጃው ዝግጅት፣ የሙከራው ንድፍ እና የዳኝነቱ ትንተና በኛ የሚመራ የሥራ ክፍል (ወርክ ፓኬጅ) ይሁን። የጋራ ዓመታዊው ስብሰባ እዚህ ይደረግ። እንዲህ ሲሆን ድርሻው በሥራ ያድጋል፣ ማንም አይከራከረውም።

ቀጥሎ የኔታ። እባካችሁ «የመረጃ ምንጭ» ብላችሁ የአንድ ቀን አበል አትጻፉላቸው። በዚህ ጥናት የኔታ ዳኛ ናቸው። አውሮፓዊ ዳኛ ቢሆን የባለሙያ ክፍያ ይበጀትለት ነበር። ለሳቸውም እንደዚያው ይበጀት። ጉባኤ ቤቱ ለተማሪዎች የሚያደርገውን ነገርም አስቡ። ለሙከራው የሚውለው ጊዜ ከትምህርታቸው የሚቀነስ ነው፣ የተማሪዎቹ የምግብና የልብስ ወጪ በበጀት ውስጥ ቦታ ይኑረው።

ሰዎች የሚረሷቸው ነገሮች አሉ። ድምፅ መቅጃና የሚያስቀምጥ ማሽን። ቅኔውን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ፣ ግዕዝ በትክክል የሚተይብ ሰው። ሰሙንም ወርቁንም የሚያብራራ ተርጓሚ፣ ይህ ከማንኛውም ትርጉም ጊዜ ይወስዳል። የኮምፒውተር ኃይል ደግሞ በኪራይ ይሁን። ከባድ ማሽን ገዝቶ ማስገባት ጉምሩክ ላይ ወራት ሊያስቆም ይችላል። በኪራይ ከሆነ መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም።

ስለ ምንዛሪ። በጁላይ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተዋዋሉ ፕሮጀክቶች ላይ ምን እንደደረሰ አስቡት። በጀታችሁን በዩሮ ወይም በዶላር ያዙ። ከአገር ውስጥ ሠራተኛ ጋር ስትዋዋሉ ግን ክፍያው በየስንት ወሩ እንደሚታይ አስገቡ።

በቅርብ ዓመታት ብዙ የሆራይዘን ጥሪዎች ጥቅል ክፍያ የሚባለውን መንገድ ይከተላሉ። የሰዓት መዝገብና ደረሰኝ አይጠየቅም። ገንዘቡ የሚለቀቀው አንድ የሥራ ክፍል ሲጠናቀቅ ነው። ለኛ ፋይናንስ ቢሮዎች ይህ እፎይታ ነው። ነገር ግን የሥራ ክፍሎቹን ትላልቅ አድርጋችሁ አትሥሩ። ሦስት ዓመት የሚፈጅ አንድ ክፍል ካለ ክፍያውም ሦስት ዓመት ይጠብቃል። በየዓመቱ የሚዘጋ አድርጋችሁ ቆራርጡት። ከጠቅላላው ግራንት ላይ ደግሞ ቢያንስ 5 በመቶ ለዋስትና ይያዝና መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ገንዘቡ ሁሉ በመጀመሪያ ቀን እጃችሁ እንደማይገባ አስቡና አቅዱ።

7ኛ ደረጃ፦ ባለቤትነትና ሥነ ምግባር

አንድ ሺህ ቅኔ ተሰብስቦ ሞዴል ሲሠለጥንበት ቅኔው የማን ነው? ይህን ጥያቄ ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ማንሳት ጠብ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጠራ ሥራን ደራሲው በሕይወት እስካለ እና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ዛሬ አንድ ተማሪ የቆጠረው ቅኔ የሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለት ፈቃድ ለይታችሁ ጠይቁ። አንደኛው በጥናቱ ለመሳተፍ። ሁለተኛው ቅኔው ለሞዴል ማሠልጠኛ እንዲውል። የመጀመሪያውን ፈቅዶ ሁለተኛውን መከልከል መብቱ ነው። ፎርሙ በአማርኛ ይሁን፣ ይነበብለት፣ ጊዜም ይሰጠው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ድምፅ የግል መረጃ ነው። የአውሮፓ አጋሮች የራሳቸው የመረጃ ሕግ አላቸው። መረጃው የት ይቀመጣል፣ ማን ይከፍተዋል፣ መቼ ይጠፋል የሚለውን ለሁለቱም በሚስማማ መንገድ ጻፉ። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ጊዜ ይወስዳል። ብዙዎቹ የጉባኤ ቤት ተማሪዎች ዕድሜያቸው ትንሽ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ጨርሶ ባታስገቡ እመርጣለሁ። ሥራችሁ ይቀላል፣ ልጆቹም ይጠበቃሉ።

በአጋሮቹ መካከል የሚፈረመው የኮንሰርቲየም ስምምነት ላይ «ይዞ የገባው ንብረት» የሚባል ዝርዝር አለ። እያንዳንዱ አጋር ከፕሮጀክቱ በፊት የነበረውን ሀብት ይዘረዝራል። አውሮፓውያኑ ሶፍትዌራቸውን ይጽፋሉ። የኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ ባዶ ይተዉታል። አትተዉት። የሰበሰባችሁት የቅኔ ክምችት፣ የቃላት ዝርዝሩ፣ የዳኝነት መስፈርቱ ንብረታችሁ ነው። ካልተጻፈ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

8ኛ ደረጃ፦ መጻፍ

ገምጋሚው ስለ ቅኔ ምንም የማያውቅ ፊንላንዳዊ ሊሆን ይችላል። ሰምና ወርቅን በሦስት ዓረፍተ ነገርና በአንድ ምሳሌ አስረዱት። ሁለት ገጽ ታሪክ አትጻፉለት። ስለ አክሱም ጀምሮ የሚወርድ መግቢያ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ገጹ ያልቃል፣ ጥያቄው ገና አልመጣም።

ማመልከቻው በሦስት መስፈርት ይመዘናል፦ የምርምሩ ልቀት፣ የሚያመጣው ለውጥ፣ የአፈጻጸሙ ጥራት። እያንዳንዱ ከ5 ነው። ከእያንዳንዱ ቢያንስ 3፣ በድምሩ ከ15 ቢያንስ 10 ያስፈልጋል። 10 ማለፊያ ነው እንጂ ገንዘብ አያመጣም። ገንዘብ የሚያገኙት ከዚያ በጣም ከፍ ያሉት ናቸው። የኛ ማመልከቻዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ሁለተኛው ላይ ነው። «ለሀገር ዕድገት ይጠቅማል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነጥብ አያመጣም። ማን፣ መቼ፣ በምን መልኩ ይጠቀማል? ለምሳሌ ግዕዝና አማርኛ ለሚያስተምሩ መምህራን ኤአይን ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚያሳይ መመሪያ፣ በፈቃድ የተሰበሰበ የቅኔ ክምችት፣ ስለ ፈቃድ አወሳሰድ ሌሎች ቋንቋዎች ሊጠቀሙበት የሚችሉት አሠራር። እንዲህ ተጨባጭ ይሁን።

ማመልከቻውን ራሱን በኤአይ ማገዝ ይቻላል። ኃላፊነቱ ግን ሙሉ በሙሉ የአመልካቹ ነው። ቋንቋ ለማስተካከል ተጠቀሙበት። ማጣቀሻ እንዲያመጣላችሁ አትመኑት፣ የሌለ ጥናት ፈጥሮ ይሰጣችኋል። ያልታተመ የቅኔ መረጃችሁንም አታስገቡበት።

9ኛ ደረጃ፦ ማስገባትና መጠበቅ

የመጨረሻው ሰዓት በብራስልስ ሰዓት 17:00 ነው። በኛ አቆጣጠር በአውሮፓ ክረምት ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በአውሮፓ በጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ኢንተርኔቱን አትመኑት። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ጊዜ አስገቡ። ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ አሻሽሎ መልሶ ማስገባት ይቻላል፣ የመጨረሻው ነው የሚቆጠረው። የመጨረሻው ሳምንት ከመስቀል ወይም ከጥምቀት ጋር ከገጠመ ፊርማ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ውጤቱ እስከ 5 ወር፣ ስምምነቱ እስኪፈረም ደግሞ በድምሩ እስከ 8 ወር ይወስዳል። ለዝግጅት 6 ወር ስትጨምሩበት ከዓመት በላይ ነው። ስለዚህ በዚህ መሐል የሚመረቅ ተማሪ ስም አትጻፉ፣ የሥራ መደቡን ጻፉ።

ከወደቃችሁ የገምጋሚዎቹ ጽሑፍ ይላክላችኋል። ቁጥሩን ዝለሉና ጽሑፉን አንብቡ። «የአፍሪካው አጋር ሚና ግልጽ አይደለም» የሚል ካለ ወደ 2ኛ ደረጃ ተመለሱ። «ዘዴው አልተረጋገጠም» ካለ ወደ 3ኛው። ጥያቄው ጥሩ ከሆነ አትጣሉት። አርማችሁ በሚቀጥለው ጥሪ አስገቡት።

ካለፋችሁ የመጀመሪያውን የጋራ ስብሰባ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አታድርጉት። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከጥቅምት በኋላ፣ ከየኔታ ጋር ቀን ቆርጣችሁ እንግዶቹን ሁሉ ወደ ጉባኤ ቤቱ ውሰዷቸው። የኮምፒውተር ባለሙያው፣ የሥነ ልቦና ሰውዋ፣ የፋይናንስ ኃላፊው አንድ ላይ ሣር ላይ ይቀመጡ። ተማሪው ይንገር፣ የኔታ ያርሙ። የሥራ ዕቅዱ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል።